ያዘው!

መርካቶ ውስጥ መኪና ሲቆም ሰው ይሰበሰባል። የሚሰበሰበውም ለማየት ብቻ አይደለም። ኩሊው ሸክሙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይመጣል፤ ባለሱቁ ደንበኛውን «አንዴ» ብሎ ይወጣል፤ ጀብሎው ሸቀጡን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ትከሻውን ከመኪናው ጀርባ ያሳርፋል። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መንገድ ተዘግቷል፣ ስለዚህ ይገፋል፤ አለቀ። ይህን ቸርነት በሌላ ሰፈር እምብዛም አላየሁትም፤ ከልቤ እወደዋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ነገር ሲጎድለው ሰው ሊገድል እንደሚችል በዓይኔ ስላየሁ ነው። የሚጎድለው ገመድ አይደለም። የሚጎድለው መያዣ ነው።

ይህን ያየሁበት መኪና የአጎቴ ነው። አጎቴ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። መኪናቸው አጭሩ ላንድሮቨር ነው፤ ሲሪስ 3 የሚባለው፣ ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው 88 ኢንች ያለው። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ድረስ ተመርቷል። የላንድሮቨር ዘር ግን ከዚያ ይረዝማል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም በተደረገ የመኪና ትርኢት ላይ ነው ለሕዝብ የታየው። የዓለም ጦርነት ገና ማለፉ ስለነበር እንግሊዝ አገር ብረት የሚታደለው በኮታ ነበር፤ ስለዚህ አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። የጋሼ መኪና ጎኑ ሁሉ ተጨረማምቶ ዝገት የማይታይበት ለዚህ ነው። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ዝገቱ ከሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ ነው የሚበላው።

«ለምን አይሸጡትም?» የሚላቸው ብዙ ነው። ሸጠው ምን ይግዙ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ያለ አሮጌ መኪና ዕድሜው ይቀጠላል እንጂ አያጥርም። ጭቃና ድንጋይ ለሚያቋርጥ ሰው ላንድክሩዘሩ፣ ዋዙ፣ ላንድሮቨሩ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ይሄዳል። እነዚህ መኪናዎች ደግሞ ይሰበራሉ። እንግዲህ ገና ብዙ ዘመን ስንጎትታቸው የምንኖር ነን፤ አጎታተቱን የማወቅ ዕዳ አለብን።

ያን ዕለት ጋሼ የመጡት ለቤታቸው ጣሪያ ቆርቆሮና ምስማር፣ ለበርና ለመስኮት ደግሞ የብረት ቱቦ ሊገዙ ነው። ቆርቆሮ ተራ ዋጋ ተከራከርን፤ ብረት ተራ ሄደን ደግሞ ተከራከርን። ዕቃው ተጭኖ፣ ታስሮ፣ ሂሳብ ተከፍሎ ሲያልቅ ቀኑ ወደ ማታ አዘንብሎ ነበር። ዝናብ ዘንቦ አባርቷል፤ ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል። ወደ ዋናው አስፋልት የምታወጣ አንዲት አጭር ግን ቀጥ ያለች ዳገት አለች፤ ግራና ቀኟ ሱቅ፣ ከሱቁ ፊት ደግሞ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ። ዳገቱ መሀል ላይ አንድ ጋሪ ገባብንና ጋሼ ቆሙ። ጋሪው አለፈ። ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ለቀቁ።

ከሥራችን «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሹ ገብቷል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ ተነቃነቀ፤ ወደ ኋላ። ጋሼ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቡት። መንሸራተቱን ቀጠለ። የእግር ፍሬኑን ረገጡ፤ ቆመ። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ሲመጡ በደንብ ይይዝ የነበረ የእጅ ፍሬን ነው፤ ምን እንደነካው አልገባቸውም። ሞተሩን አጥፍተው፣ ማርሹን አንደኛ ላይ ትተው፣ እግራቸውን ከፍሬኑ ትንሽ ቀለል ሲያደርጉ መኪናው እንደገና ወደ ኋላ ሄደ። ማርሹም አልያዘውም። ከኋላችን ቆርቆሮ የተሸከሙ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አለች። «ያዘው! ያዘው!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ተነሣ። ጋሼ መልሰው ረገጡ። አንድ ልጅ ከየት እንዳነሣው እንጃ፣ የተነቀለ ኮብልስቶን አምጥቶ የኋላ ጎማው ሥር ወሸቀ። ያ ልጅ ያን ቀን ከሁላችንም ቀድሞ ትክክለኛውን ነገር ያደረገ ሰው ነው።

የሆነውን ነገር ያኔ ሳይሆን ኋላ ነው በደንብ የተረዳሁት፤ ግን እዚሁ ላይ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሥር እዚህ ነው። የተሰበረው ሴሚያስ ነው። ሞተሩ ጉልበቱን ለካምቢዮው ይሰጣል፣ ካምቢዮው በትራስሚሲዮን በኩል ለኋላ ዲፈረንሻል ያቀብላል፣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎማ የሚያደርሱት ሁለት ዘንጎች ሴሚያስ ናቸው። የአጭሩ ላንድሮቨር ሴሚያስ በዲፈረንሻሉ በኩል 10 ጥርስ ብቻ ነው ያለው፤ ቀጭን ነው። ከጭነት ጋር ዳገት ላይ ሲነሣ መሰበሩ ይህን መኪና በሚያውቅ አገር ሁሉ የታወቀ ነው። አንዱ ሲሰበር ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ሁሉ በተሰበረው በኩል ያፈሰዋል፤ ደህናው ጎማ ምንም አይደርሰውም።

እስከዚህ ድረስ መቆም ብቻ ነው። አደገኛው ቀጥሎ ያለው ነው። የላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማው ላይ አይደለም ያለው። ከካምቢዮው በስተኋላ፣ ትራስሚሲዮኑ በሚነሣበት ቦታ ባለ አንድ ከበሮ ላይ ነው። ትራስሚሲዮኑን ይይዛል፤ ትራስሚሲዮኑ ዲፈረንሻሉን፣ ዲፈረንሻሉ ሴሚያሶቹን፣ ሴሚያሶቹ ጎማዎቹን ይይዛሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲበጠስ የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ፣ ማርሹ እንደገባ፣ ጎማዎቹ ግን ልቅ ናቸው። የሩሲያው ዋዝም፣ የቆዩት ባለ 40 ላንድክሩዘሮችም የእጅ ፍሬናቸው በዚሁ ቦታ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ከኋላ የሆነ ነገር ተሰብሮ ዳገት ላይ ከቆማችሁ የሚይዛችሁ የሰው እግርና ጎማ ሥር የሚደረግ ታኮ ብቻ ነው። የሹፌሩ እግር ደግሞ ይዝላል።

ፎር ዊል መኪና ነውና ሌላ መውጫ ነበረው። ላንድሮቨሩ ላይ ቢጫ ራስ ያላት ዘንግ አለች፤ ወደ ታች ስትጫን የፊት ጎማዎች ጉልበት ያገኛሉ። ሴሚያሱ የተሰበረበት ሰው ስባሪውን አውጥቶ፣ ቢጫዋን ተጭኖ፣ በፊት ጎማ ብቻ ቤቱ ይገባል። ፊትና ኋላው አንድ ላይ ስለሚታሰር የእጅ ፍሬኑም በፊት ጎማዎቹ በኩል መያዝ ይጀምራል። ጋሼ ቢጫዋን ተጫኗት። ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊቱ ትራስሚሲዮን በቦታው አልነበረም። አንድ ጋራዥ መጋጠሚያው፣ ክሮቸራው፣ አልቋል ብሎ አውልቆት ሳይመልሰው፣ ሳይነግራቸውም፣ መኪናውን አስረክቧቸዋል። ይህ የጋሼ ዕጣ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ግን «ነዳጅ ይቆጥባል» እየተባለ የፊት ትራስሚሲዮናቸው የተወለቀ ስንት መኪና አይቻለሁ! ከመኪናው ላይ የሚወለቀው ብረት ብቻ አይደለም፤ በክፉ ቀን መያዣውም አብሮ ነው የሚወለቀው። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ቢያንስ ለባለቤቱ ይንገረው።

ዳገቱ አናት ላይ ጭነቱን ያራገፈ አንድ አነስተኛ አይሱዙ ቆሟል። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ወርዶ መጣ። «ፋዘር፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አላቸው ለጋሼ። ፊቱ ላይ ቅንነት እንጂ ሌላ አልነበረም። ጭነት የሚያስርበትን የናይለን ገመድ አመጣ፤ አንዱ ጫፍ ላይ የብረት ጋንች አለው። ጋንቹን የላንድሮቨሩ የፊት ባሌስትራ ጫፍ ላይ ሰካው፤ ሌላውን ጫፍ ከአይሱዙው ኋላ ቋጠረ። ገመዱ ላልቶ መሬት ላይ ተኝቷል። ጋሼ እግራቸው ፍሬን ላይ ስለሆነ ሊወርዱ አይችሉም፤ «ቆይ ልጄ፣ ቆይ» ይላሉ በመስኮት፤ ሃያ ሰው ደግሞ ከግራና ከቀኝ «ሂድ! ሳበው! ያዘው! ልቀቀው!» ይላል። ወጣቱ የትኛውን ይስማ? አይሱዙው በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ገመዱ ብድግ አለ፣ ተወጠረ፣ ቀጠነ። የጋንቹ አፍ ተከፈተ። ከባሌስትራው ሲፈናጠር ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የሰማነው ግን ሁላችን ነን። ዳገቱን ሽቅብ በርሮ የአንድ ሱቅ የብረት መዝጊያ ላይ አረፈ፤ መዝጊያውን ቀደደው። ከዚያ መዝጊያ አጠገብ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ታዳጊ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ነበር። ማንም አልተነካም። ጋሼ አማተቡ፤ ባለሱቁ አልሐምዱሊላህ ብሎ ቁጭ አለ። መኪናው ወደ ኋላ ቢልም ያ ልጅ ያስቀመጠው ድንጋይ ላይ ቆመ።

የናይለን ገመድ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ያጠራቀመውን ሁሉ የሚሰጠው ቀድሞ ለተነቀለው ነገር ነው። የተነቀለው ጋንች ከሆነ ጋንቹን ያስወነጭፈዋል። ሰንሰለት አይለጠጥም፤ ስለማይለጠጥም ላልቶ ከተሳበ ድንጋጤው በሙሉ በአንድ ቅጽበት የታሰረበትን ብረት ይመታዋል። የሽቦ ካቦ ሲበጠስ ደግሞ እየተወራጨ ይመለሳል። በረሃ ውስጥ መኪና መጎተት የዘወትር ሥራቸው የሆነ አውስትራሊያውያን ከሁሉ አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ተሳቢ የሚታሰርበትን የብረት ኳስ ለዚህ ሥራ እንዳይጠቀሙበት ነው፤ ኳሱ ከአንገቱ ተቆርጦ ሰው ገድሏልና። ባሌስትራም፣ የመሪ ዘንግም፣ ቀጭን ፓራውልትም ለዚህ አልተሠሩም። የሚታሰረው ሻንሲ ላይ ነው።

አንድ ሽማግሌ የመጡት በዚህ ግርግር መሀል ነው። ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል፤ እጃቸው በግሪስ የጠቆረ። ከምናለሽ ተራ በኩል ጩኸቱን ሰምተው እንደመጡ ኋላ ነገሩን። የመጀመሪያ ሥራቸው ሁለተኛ ድንጋይ መፈለግ ነበር። ሦስተኛም፣ አራተኛም አስመጡ፤ ጎማ ሁሉ ከኋላው ድንጋይ እስኪኖረው ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ቀና ብለው «አለቃው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የመለሰ የለም። «አለቃ ከሌለ አይጎተትም» አሉ። «ከአሁን በኋላ አፍ ያለኝ እኔ ነኝ። እርስዎ ደግሞ» አሉ ወደ ጋሼ ዞረው፣ «እኔ ካላልኩዎት እግርዎን ከፍሬኑ አያንሡ።»

የአይሱዙው ሹፌር ጥፍሩን እየነከሰ ቆሟል። አልተቆጡትም። ጠርተው ባትሪ አስያዙትና አብሯቸው ከመኪናው ሥር አስገቡት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሠሩትን ሁሉ እያሳዩት ነው የሠሩት፤ እኔም ጎንበስ ብዬ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ጭነቱ እንዲወርድ አደረጉ። ኩሊዎቹ ቆርቆሮውንና ቱቦውን የባለሱቁ በረንዳ ላይ ደረደሩት። ቀጥለው በትንሽ መዶሻ የሻንሲውን የፊት ጫፎች፣ ባሌስትራው የሚሰካባቸውን፣ አንኳኩ። «ስማ ድምፁን» አሉት። ደህና ብረት ይጮኻል፤ የዛገ ይታፈናል። አሉሚኒየሙ ሲያብለጨልጭ ከሥር የበሰበሰ ሻንሲ ላይ ገመድ ያሰረ ሰው የመኪናውን አፍንጫ ነቅሎ ይሄዳል፤ መኪናው ቁልቁል ይቀራል። የጋሼ ሻንሲ ጮኸ።

ከዚያ ሴሚያሶቹን ማውጣት። እዚህ ላይ የላንድሮቨሩን አሠራር አደነቅሁ። ጎማው ሳይወልቅ፣ መሀሉ ላይ ያሉትን ስድስት ብሎኖች ፈትተህ ሴሚያሱን ብቻ ትስበዋለህ፤ መኪናው በጎማው ላይ እንደቆመ ይቀራል። የግራው ሙሉውን ወጣ። የቀኙ አጥሮ ወጣ፤ ጫፉ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ቀርቷል። «ሁለቱንም ያወጣሁት ለዚህ ነው» አሉ። «አንዱን ብተወው ጎማው ሲዞር ዲፈረንሻሉን ያዞረዋል፤ ውስጡ ያለው ስባሪ ደህናውን ጥርስ ሁሉ ይፈጨዋል። የአንድ ዘንግ ብልሽት የሙሉ ዲፈረንሻል ብልሽት ይሆናል።» ክፍቱን ቀዳዳ በጨርቅና በፌስታል ደፈኑት፤ ዘይት እንዳይወጣ፣ አቧራ እንዳይገባ። አሁን መኪናው ሞተር ያለው ጋሪ ነው። ጎማው ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«ሌላ መኪና ቢሆንስ?» አለ ወጣቱ ሹፌር።

ጥያቄው ደስ አላቸው። ሁሉም ፎር ዊል አንድ አይደለም አሉት። የፊቱ በፍላጎት የሚገባ ከሆነ፣ እንደ ባለ 70 ላንድክሩዘሮች፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የትራንስፈሩ ዘንግ መሀል ላይ፣ ከከባዱም ከቀላሉም ማርሽ ውጭ ይሁን፤ የፊት ጎማው እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለው ወደ «ፍሪ» ይዙር። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚጎትት ዓይነት ከሆነ፣ እንደ ኋለኞቹ ላንድሮቨሮች፣ ትራንስፈሩ መሀል ላይ ሆኖ የመሀል ዲፈረንሻሉ መቆለፊያ መከፈቱ ይታይ። እንዲህ ያለውን መኪና ክሬን ፊቱን ብቻ አንሥቶ፣ ኋላው መሬት ላይ እየተንከባለለ መውሰድ የለበትም፤ ወይ አራቱም ይንከባለል፣ ወይ አራቱም ይነሣ፣ አለዚያ ትራስሚሲዮኑ ይፈታ። የመሪ ቁልፍ ያለው ከሆነ ቁልፉ ተከፍቶ ይቆይ፤ ቁልፉ የወጣበት መሪ መታጠፊያ ላይ ይቆለፋል። ፍሬኑ በሞተር የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ ሲጠፋ ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፤ የሚረግጠው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ይህን ሁሉ የተናገሩት በጀርባቸው ተኝተው፣ ዘይት ግንባራቸው ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

እሳቸውን ሳይ ሴባስቶፖል ነው ትዝ ያለኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ያ መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። መንገድ አልነበረም፤ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ ሠሩት። ስለ ሴባስቶፖል ሲነሣ ሁልጊዜ የሚወራው መጎተቱ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ግን የጅዳንና የበሽሎን ገደል መውረዱ ነው። መድፍ ዳገት ላይ ቢከብድ ቆሞ ይቀራል፤ ቁልቁለት ላይ ቢያመልጥ ፊቱ ያገኘውን ጨፍልቆ ገደል ይገባል። ያን ክብደት ከኋላ ሆነው እየያዙ ያወረዱት ሰዎች ስማቸው የት ተጽፏል? የመድፉ ቅጂ ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ስለ እነሱ ነው።

ሽማግሌው ሌላ ገመድ አስመጡ፤ ወፍራም፣ ያልተቀጠለ። ጋንች አላደረጉበትም። በሻንሲው ግራና ቀኝ ጫፎች አዙረው፣ ሁለቱ ክንፎች መሀል ላይ እንዲገናኙ አድርገው አሰሩት፤ ክብደቱ ለሁለቱም እንዲካፈል ነው። በአይሱዙውም በኩል እንዲሁ ሻንሲው ላይ። ከዚያ ሁለት ጆንያ ውኃ አስነክረው ገመዱ ላይ አነጠፉ። ገመዱ ቢበጠስ ጆንያው ወደ መሬት ይዞት ይወርዳል። ሕዝቡን ከፊትም ከኋላም አራቁት፤ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል። የገመዱን መስመር የተሻገረ አንድ ጎረምሳ አይተው ሥራውን በሙሉ አቆሙ፤ እሱ እስኪወጣ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያ በኋላ የተሻገረ የለም።

ለልጁም፣ ያን የመጀመሪያውን ድንጋይ ላስቀመጠው፣ ሥራ ሰጡት። ታኮውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስረው ከጎማው በስተኋላ እየገፋ እንዲከተል አደረጉ። «እጅህ ከጎማው አጠገብ እንዳይደርስ» አሉት። የከባድ መኪና ረዳቶች ዳገት ላይ ታኮ በእጃቸው ይዘው ከጎማ ሥር ሲሮጡ በየመንገዱ አያለሁ፤ ሁልጊዜ ሆዴን ይበላኛል። አንድ ክንድ እንጨት ጣት ያድናል።

አይሱዙው ገመዱ እስኪወጠር በእርምጃ ፍጥነት ሄደና ቆመ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። ጋሼ ፍሬኑን ለቀቁ። አይሱዙው ሲነሣ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ላንድሮቨሩ ብቻ ከድንጋዩ ላይ ተላቅቆ ሽቅብ ሄደ። ሕዝቡ ሊያጨበጭብ ሲል ሽማግሌው ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ታች አደረጉ፤ ገና አላለቀም።

ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ከኋላችን የተደረደረውን አየሁ። መውጫ ያጣ መኪና፣ ጋሪ፣ ሸክም፣ እስከ ታች ድረስ ጥቅጥቅ ብሏል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ ምን ያህል እንዳከበደው ያኔ ብዙ ተነግሯል። መርካቶን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአራዳ ገበያ ለይተው ሲመሠርቱት ይህን ያህል ሰውና ይህን ያህል አይሱዙ ይመጣበታል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። አንድ የተሰበረ መኪና አንዲት መንገድ ላይ ሲቆም ከዚያ በታች ያለው ሱቅ ሁሉ በር እንደሌለው ቤት ነው። እሳት ቢነሣ፣ ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር፣ የሚወጣበት የለም። ለዚህ ነው መቸኮሉ የሚገባኝ። ለዚህም ነው የሚያሳዝነኝ፤ ያ ጋንች ሰው ቢመታ ኖሮ መንገዱ ለሰዓታት ይዘጋ ነበር እንጂ አይከፈትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ ተክለ ሃይማኖት ቁልቁል ነው፤ ሽማግሌው ገመዱን ፈትተው ጣሉት። «ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም» አሉ። ቁልቁለት ላይ የኋላው መኪና የፊተኛውን ይደርስበታል፤ ገመዱ ይላላል፣ ጎማ ሥር ይገባል፣ መልሶ በድንገት ይወጠራል። አንዱ ሰው ጋሼ የገዙትን የብረት ቱቦ እንጠቀም አለ። ሽማግሌው በጣታቸው አንኳኩት። «ይህ የመስኮት ነው፤ ይታጠፋል።» ወዳጃቸው ጋራዥ ልከው ለመጎተቻ የተበየደ ወፍራም የብረት ዘንግ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ጨለመ። ዘንጉ መሀል ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩ። ምክንያቱን የመርካቶ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ እዚያ ሰው በሁለት መኪና መካከል ክፍተት ካየ ይገባል፤ ሸክም የተሸከመ ደግሞ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ ስለሚሄድ ዘንጉን አያየውም። ሁለት ጎረምሶች በግራና በቀኝ እየሄዱ ሰው እንዳይገባ ጠበቁ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ አይቶን ከፊት ከፊት መንገድ አስለቀቀልን። ጋሼ አይሱዙውን በፍሬን እያገዙ፣ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት፣ ያቺን ቁልቁለት ወረድን። ጨርቋን ሳያይ ዘንጉን ሊሻገር የሞከረ አንድ ሸክም ያዘለ ሰው ነበር፤ ጎረምሳው በክንዱ አቀፈው፤ አለፈ።

በነጋታው ሶማሌ ተራ ገባን። ሴሚያሱ ተገኘ፤ የፊት ትራስሚሲዮንም ከነክሮቸራው። ሽማግሌው ዲፈረንሻሉ ውስጥ የቀረውን ስባሪ በማግኔት ለማውጣት ብዙ ታገሉ፤ በመጨረሻ በሌላኛው በኩል ቀጭን ብረት አስገብተው ገፍተው አወጡት። ሁሉም ከታሰረ በኋላ መኪናውን ዳገት ላይ አቁመው፣ ከኋላው ድንጋይ አድርገው፣ ጋሼን ቢጫዋን እንዲጫኑና የእጅ ፍሬኑን እንዲስቡ አዘዟቸው። «አሁን እግርዎን ያንሡ።» ያዘ።

ጭነቱን ግን መልሰው እንዳይጭኑት ከለከሏቸው። ለዚህ ሴሚያስ ያ ሁሉ ቆርቆሮና ብረት አይገባም ነው ያሉት፤ ጋሼም ተቀበሉ። ዕቃው በአይሱዙው ሄደ፤ ሹፌሩ ለነዳጅ ብቻ ካልሆነ አልቀበልም ብሎ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ከጋሼ ጋር ተከራከረ። ጋሼ በዚያው ሳምንት አናጢ ጋ ሄደው ከወይራ እንጨት ሁለት ታኮ አስጠረቡ። የሹፌሩ ወንበር ሥር ቦታ ጠባብ ስለሆነ ክሪኩን ወደ ኋላ አዛውረው ታኮዎቹን እዚያ አኖሯቸው።